«ይህ አጌት ነው? ልቁረጠው?»፦ ለጀማሪ ድንጋይ ለቃሚ የአሠራር መመሪያ

የድንጋይ ፎቶ ይላክልኛል። ከሥሩ ሁለት ጥያቄ አይጠፋም፦ «ይህ አጌት ነው?» እና «በግራይንደር ልቁረጠው?» ለመጀመሪያው መልሴ፣ ከፎቶ አይታወቅም። ድንጋዩን በእጃችሁ የያዛችሁት እናንተ ግን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ልታውቁት ትችላላችሁ። ለሁለተኛው መልሴ፣ ኧረ ቆይ! ይህንኑ ለየሰዉ ደጋግሜ ከምጽፍ ሙሉውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንግባባበት። ኬልቄዶን የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቁት ይሆናል። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የኳርትዝ ክሮች ተጠቅጥቀው የሠሩት ድንጋይ ነው። ንብርብር መስመር ያለው ኬልቄዶን አጌት ይባላል። ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፈው ዘመዱ ደግሞ ኢያስጲድ ነው።

የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሥራ አብዛኛው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ነው። ቸኩላችሁ ወደ መቁረጡ ክፍል አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመልቀም፦
- የጂኦሎጂ ወይም የግንበኛ መዶሻ፣ ከ600 ግራም ያልራቀ
- የዓይን መከላከያ መነጽር (የፀሐይ መነጽር አይተካውም)
- ውሃ መርጫ ጠርሙስ
- ጋዜጣ፣ ፌስታል፣ የማይለቅ ማርከር፣ ትንሽ ደብተር
- ጠንካራ ጫማና ጓንት

ለመለየት፦
- 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር
- የእጅ ባትሪ
- የመዳብ ሽቦ፣ ሰንጢ፣ የብረት ሞረድ
- የመስታወት ቁራጭ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ
- የንጣፍ ሴራሚክ (የምንፈልገው ያልተወለወለውን ጀርባውን ነው)
- ጥቂት አቼቶ
- የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ሰፊ ብርጭቆ፣ ቀጭን ክር

ለመቁረጥ፦
- በውሃ የሚሠራ የድንጋይ መጋዝ፣ ወይም በውሃ የሚሠራ የሴራሚክ መቁረጫ ማሽን
- ጠርዙ ድፍን የሆነ የአልማዝ ዲስክ
- ሞርሳ፣ የእንጨት ሽብልቅ፣ ጄሶ
- ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ ጭምብል፣ የጆሮ መከላከያ፣ የፕላስቲክ ሽርጥ
- ኤሌክትሪክ ሲፈስ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከር፣ 30 ሚሊአምፒር

ለማለስለስ፦
- አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት
- የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት (የማሻሻ ዱቄት)፦ 80፣ 220፣ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዱቄቱ ይልማል
- የቆዳ ወይም የፌልት ቁራጭና ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የመወልወያ ዱቄት

ሁሉንም ባንዴ አትግዙ። ከመለየቱ ዝርዝር አብዛኛው ቤታችሁ አለ። ማሽኑን የምታስቡበት ሊቆረጥ የሚገባው ድንጋይ በእጃችሁ ሲገባ ነው።

ክፍል አንድ፦ መልቀም

1. ፈቃድ ጠይቁ። መሬቱ ባለቤት አለው፤ ግለሰብ ሊሆን ይችላል፣ መንግሥትም ሊሆን ይችላል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ብሔራዊ ፓርክና የቅርስ ቦታ ግን በአብዛኛው ጠጠር ማንሳት እንኳ የተከለከለበት ነው፤ ሳታጣሩ እጃችሁን አታስገቡ። ሌላም ነገር አለ። የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩት ከዚሁ ከአጌትና ከባልጩት ነው። ጠርዙ በሁለቱም ወገን በሥርዓት የተፈለጠ፣ ስለት ያለው ድንጋይ ካያችሁ አታንሱት። ቦታውን መዝግባችሁ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። ከቦታው የተነሳ ቅርስ ታሪኩ ግማሽ በግማሽ ይጠፋል።

2. ትክክለኛውን ቦታ ምረጡ። ብዙው አጌት የሚፈጠረው በእሳተ ገሞራ አለት፣ በተለይ በባዛልት ውስጥ በቀሩ የጋዝ ጉድጓዶች ነው። ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ያዘለ ውሃ እየገባ ጉድጓዱን ከግድግዳው ወደ ውስጥ በንብርብር ይሞላዋል። ባዛልቱ ዘመን ሲቆጠር ፈርሶ አፈር ይሆናል። አጌቱ ግን አይበገርም፤ ተንከባሎ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ከገደል ጋር ከመታገል ይልቅ ባዛልት ካለበት አካባቢ የሚወርድ ወንዝ ፈልጉ። ጠጠር የሚከማቸው ወንዙ በሚታጠፍበት፣ በውስጠኛው ዳር ነው፤ ውሃው እዚያ ስለሚዝል የተሸከመውን ያራግፋል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ጥሩ ነው፣ አዲስ ጠጠር ይገለበጣል። ዝናብ በታረሰ ማሳ ላይ ሲዘንብም አቧራውን አጥቦ ድንጋዩን ያወጣዋል።

3. ወደ ፀሐይ ዞራችሁ ተራመዱ። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል። አጌት ብርሃን ያሳልፋል፣ ተራው ጠጠር አያሳልፍም። ፀሐይ ከፊታችሁ ስትሆን በመቶ ደብዛዛ ጠጠሮች መሃል አንዱ ውስጡ እንደ ፍም ቦግ ይላል። ያቺን ለማየት ነው የምትሄዱት። የተጠራጠራችሁትን ውሃ ርጩበት፤ የደረቀ ድንጋይ ገጽ ብርሃን ስለሚበትን ቀለሙን ይደብቃል።

4. ድንጋይ ስትገለብጡ ሩቁን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አንሱ። እባብ ወይም ጊንጥ ቢኖር መውጫው በእናንተ በኩል አይሆንም። እጃችሁን ሳይሆን መዶሻውን ተጠቀሙ።

5. አጌቱን ራሱን በመዶሻ አትምቱ። መዶሻው አጌቱን የያዘውን አለት ለመፈልፈል ነው፣ እሱም በመነጽር። «ውስጡን ልየው» ብሎ ድንጋዩን መምታት የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። አንድ ምት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በድንጋዩ ውስጥ ያሰራጫል፤ በኋላ ስትቆርጡት በእጃችሁ ላይ ይበታተናል። ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ በተፈጥሮ የተላጠ ቦታ ፈልጉ። መዶሻን በመዶሻ መምታትም ክልክል ነው። የመዶሻ ፊት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ስንጥሩ እንደ ጥይት ይወጣል።

6. እዚያው መዝግቡ። ቀን፣ ቦታ፣ በምን ዓይነት አለት አካባቢ እንዳገኛችሁት። ቁጥር ሰጥታችሁ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ እርስ በርስ ሲጋጩ ይላጣሉና። ቤት ስትደርሱ «ይቺ ከየት ነበረች?» ማለታችሁ አይቀርም። ቦታው የማይታወቅ ድንጋይ ለመለየትም ከባድ ነው፣ ተመልሶ ሌላ ለማግኘትም።

ክፍል ሁለት፦ መለየት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መለየት ለስም ብቻ አይደለም። አንዳንድ ድንጋይ ሲቆረጥ አቧራው መርዝ ነው፤ አረንጓዴው ማላካይት መዳብ አለበት፣ እንደ ብረት የሚያብረቀርቀውና የሚከብደው ጋሌና እርሳስ አለበት፣ ቀዩ ሲናባር ሜርኩሪ አለበት። እንደ ጥጥ ክር የሚላላጥ ድንጋይ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን አትቁረጡ።

7. እጠቡና ተመልከቱ። በብሩሽና በሳሙና በደንብ ፈትጉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የአጌት ውጫዊ ገጽ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ጎድጎድ ያለ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በጥቃቅን ጉድጓድ የተሞላ ነው። የተላጠ ቦታ ካለ በአጉሊ መነጽር እዩት። የአጌት ስብራት እንደ ዛጎል ውስጥ ጎበጥ ብሎ የተጠጋጋ ነው፣ ወዙ ደግሞ ሰም ይመስላል። ብልጭ ብልጭ የሚሉ ጠፍጣፋ ገጾች ካያችሁ ሌላ ማዕድን ይዛችኋል።

8. ባትሪ ከኋላ አብሩበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይሁን። ቀጭኑ ጠርዝ ላይ ብርሃን ካለፈ ኬልቄዶን የመሆን ዕድሉ ጨመረ። በብርሃኑ ውስጥ ተከታታይ መስመር ከታየ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ክብ ክብ የአየር አረፋ ከታየ ግን መስታወት ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ዝቃጭ ወይም ወንዝ ያሻሸው የጠርሙስ ስባሪ። አጌት ውስጥ እንዲህ ያለ አረፋ የለም።

9. ጥንካሬውን ፈትኑ። መለኪያው ሞስ የሚባለው ከ1 እስከ 10 ያለው ደረጃ ነው። ጥፍር 2.5 ገደማ፣ መዳብ 3፣ የመስኮት መስታወትና ሰንጢ 5.5 ገደማ፣ ጥሩ ሞረድ 6.5 ነው። አጌት ከ6.5 እስከ 7 ነው። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ በእጅ አትያዙት። በድንጋዩ ሹል ጠርዝ ጫን ብላችሁ አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ በጣታችሁ ጥረጉት። ይህ መጥረግ የማይታለፍ ነው፤ ድንጋዩ ለስላሳ ከሆነ መስታወቱ ላይ የራሱን ዱቄት ጥሎ ጭረት ያስመስላል። ዱቄት ከሆነ ይጠረጋል፣ ጭረት ከሆነ ጥፍራችሁ ይይዘዋል። አጌት መስታወትን ያለ ችግር ይጭራል፣ ሰንጢ ደግሞ እሱን አይጭረውም። ሰንጢው ግራጫ መስመር ከተወ አትደንግጡ፣ እሱ የብረቱ ቀለም ነው።

10. አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ካልሳይት የሚባለው ለስላሳ ማዕድንም መስመር ይኖረዋል፣ ብርሃንም ያሳልፋል፤ ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። ጥንካሬው 3 ብቻ ነው። ሰንጢ በቀላሉ ይጭረዋል። በተጫረው ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ ብታደርጉ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ጠብቁት። አጌት ላይ ምንም አይሆንም።

11. ጥግግቱን፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ አስሉ። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። እኔ ግን በጣም የምወደው ፈተና ነው፣ ምክንያቱም ዓይን ሲሳሳት ሚዛን አይሳሳትም።

   ሀ. የደረቀውን ድንጋይ መዝኑ። የኔው በቅርቡ 132 ግራም ነበረ።

   ለ. ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት።

   ሐ. ድንጋዩን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን እንዳይነካ። ከነካ ልኬቱ ተበላሸ።

   መ. ሚዛኑ ላይ የታየውን ቁጥር ጻፉ። ለእኔ 51 ግራም አለ። ይህ የድንጋዩ ክብደት አይደለም፣ ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው።

   ሠ. የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። 132 ሲካፈል ለ51፣ 2.59።

   አጌትና ኳርትዝ 2.6 አካባቢ ናቸው። ኦፓል ከ2.0 እስከ 2.2፣ ኦብሲዲያን (የእሳተ ገሞራ መስታወት) 2.4 ገደማ፣ ካልሳይት 2.7፣ ባራይት የሚባለው ከባድ ማዕድን 4.5 ነው። ካልሳይት ለአጌት ቅርብ ስለሆነ ይህን ፈተና ከጥንካሬው ጋር አንድ ላይ አንብቡት። ድንጋዩ ከ20 ግራም በታች ከሆነ ደግሞ በአንድ ግራም የሚቆጥር ሚዛን አይበቃም። 13 ግራም ድንጋይ የሚገፋው 5 ግራም ውሃ ነው፤ ግማሽ ግራም ስህተት ውጤቱን በአሥር በመቶ ያዛባዋል።

የሴራሚኩ ጀርባ ለአጌት አይጠቅምም፣ አጌት ራሱ ሴራሚኩን ይጭረዋልና። የሚጠቅመው ለሌሎቹ ነው። ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ስታስምሩበት ቀይ ቡናማ መስመር ከተወ ሄማታይት ነው። ወርቅ የመሰለው ድንጋይ ጥቁር አረንጓዴ መስመር ከተወ ደግሞ ፓይራይት ነው፣ ወርቅ አይደለም። ለብዙ ሰው ይህን መንገር ነበረብኝ፤ ማንም ደስ ብሎት አያውቅም።

ከለቀማችሁት ይልቅ የገዛችሁት ከሆነ ቀለሙን ተጠራጠሩ። አጌት ቀዳዳማ ስለሆነ ቀለም ይጠጣል። የሚጮኽ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ሰማያዊ አጌት በአብዛኛው የተነከረ ነው። በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሞ ይታያል።

ከመቁረጣችሁ በፊት የምትሰሙኝ ማስጠንቀቂያ

አጌት ሲሊካ ነው። ደርቆ ሲቆረጥ የሚነሳው ልም አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል፣ መዳኛም የለውም። በግራይንደር አትቁረጡ የምለው ለዚህ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ያህል ጊዜ ይሽከረከራል፣ ውሃ የለውም፣ ድንጋዩን የምትይዙት በእጅ ወይም በእግር ነው። አቧራውም፣ ዲስኩ መሰበሩም፣ ድንጋዩ መፈናጠሩም አንድ ላይ ይመጣል። ውጭ ሆናችሁ ብትቆርጡም ያው ነው።

- ሁልጊዜ በውሃ። ውሃ ቢኖርም ጭምብል አድርጉ፣ ጭጋጉ ውስጥም ልም ዱቄት አለ።
- ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በውሃ ይታጠብ።
- ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ናቸው። ብሬከሩ ከሌለ ማሽኑን አትሰኩ። ገመዱን ከሶኬቱ ዝቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ በገመዱ የወረደ ውሃ ሶኬት ሳይደርስ መሬት ይንጠባጠባል።
- ዲስክ ሲዞር ጓንት፣ ሻርፕ፣ ቀለበት፣ የተለቀቀ ፀጉር የለም። ጓንት ከተያዘ እጅን ይዞ ይገባል።
- በውሃ ፈንታ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የሚጨምሩ አሉ። ይቀጣጠላል። አታድርጉት።

ክፍል ሦስት፦ መቁረጥ

12. ስንጥቅ ፈልጉ። ድንጋዩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አውጥታችሁ በጨርቅ አድርቁትና ቁጭ ብላችሁ እዩት። ገጹ ቶሎ ይደርቃል። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ግን ይዘገያል፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። እሱን በእርሳስ አስምሩበት። በስንጥቁ ላይ መቁረጥ ይሻላል፣ እሱን አቋርጦ መቁረጥ ግን ቁራጩ ሲያልቅ ለሁለት እንዲከፈል መጋበዝ ነው።

13. አቅጣጫውን ወስኑ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ቆዩ። የመጀመሪያው ጥሩ አጌቴ የቡጢ ያህል ነበር። ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል የተላጠች ቦታ ነበረች፣ በእሷ ውስጥ ቀይና ነጭ መስመር ተደርድሮ ይታይ ነበር። ቸኩዬ ሞርሳው እንደተመቸው አሰርኩት። መጋዙ ከመስመሮቹ ጋር ጎን ለጎን አለፈ። የወጣው ገጽ አንድ ወጥ ሮዝ ነው፣ ሳሙና የመሰለ። መስመሮቹ የትም አልሄዱም፣ እኔ ግን በመሃላቸው ሾልኬ አልፌ ነበር።

   ሽንኩርት አስቡ። መሃሉን ብትቆርጡት ክብ ክቡ ሁሉ ይታያል። ከጎኑ ገፈፍ ብታደርጉት አንድ ልጣጭ ብቻ ነው የምታዩት። አጌትም እንዲሁ ነው። የተላጠውን ቦታ በውሃ አርጥቡ፣ መስመሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ እዩ፣ እነሱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ መስመር በማርከር ድንጋዩን ዙሩበት። ምንም የተላጠ ቦታ ከሌለ በመጀመሪያ ከጫፉ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ቁረጡ። ያቺ ትንሽ መስኮት አቅጣጫውን ትነግራችኋለች።

14. የማሽኑን አቅም ለኩ። የሚቆርጠው ከጠረጴዛው በላይ የወጣው የዲስክ ክፍል ብቻ ነው። በጥቅሉ የዲስኩ ስፋት ሲሶ ብላችሁ ያዙት፤ 15 ሳንቲ ሜትር ዲስክ 5 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቢቆርጥ ነው። የሴራሚክ መቁረጫ ከዚያም ያንሳል። ዲስኩ ላይ ያለውን የአዟዟር ቀስት ከማሽኑ ጋር አመሳክሩ። ውሃው የዲስኩን ጠርዝ ማርጠብ አለበት፤ ባዶውን አሽከርክራችሁ ጠርዙ ሲረጭ እዩ።

15. ድንጋዩን እሰሩ። ድቡልቡል ድንጋይን በእጅ ይዞ መቁረጥ የአደጋ ሁሉ ምንጭ ነው። በመሃል ትንሽ ከተንከባለለ ዲስኩን ይነክሰዋል፣ ዲስኩም ይጣመማል። በሞርሳ ከሆነ ከሁለት ወገን የእንጨት ሽብልቅ አድርጋችሁ አጥብቁ። እንጨቱ ያልተስተካከለውን ገጽ ስለሚቀበል ብረቱ አይንሸራተትም። ሞርሳ ከሌለ ወይም ድንጋዩ እንቢ ካለ ትንሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡትና ጄሶ አፍስሱበት። የምትቆርጡበትን አቅጣጫ በካርቶኑ ጎን አስምሩ። በማግሥቱ ካርቶኑን ቅደዱት፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ጡብ ይሆናል። ጡብ አይንከባለልም፣ ከጠረጴዛውም ጋር ይገጥማል። ዲስኩ ድንጋዩን መጀመሪያ የሚነካበት ቦታ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊቱ ይሁን። ተዳፋት ላይ ካረፈ ወደ ጎን ይገፋል፣ ቁራጩም እንደ ሳህን ጎድጉዶ ይወጣል።

16. ቁረጡ፣ ግን አትግፉ። የአልማዝ ዲስክ ጥርስ የለውም፣ እየፈጨ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ኃይል ምንም አይጨምርለትም። መጀመሪያ ጠርዙን በጣም በቀስታ አስነኩት፤ ትንሽ ቦይ እስኪያወጣ ታገሡ። ከዚያ ጆሯችሁን ስጡ። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ እስካሰማ ድረስ ልክ ናችሁ። ድምፁ ወፍሮ ካቃሰተ ላላ አድርጉ። ከመቁረጫው ላይ ብርቱካናማ ፍንጣሪ ከታየ ውሃ አልደረሰም ማለት ነው፣ አቁሙ። መጨረሻው ላይ ከሁሉ ይበልጥ ቀስ በሉ። ቁራጩ በራሱ ክብደት ከተገነጠለ ጫፉ ላይ ሹል ጉብታ ይቀራል፣ አንዳንዴም ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል። ፈርጥ ለመሥራት ካሰባችሁ ቁራጩ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወፍር። ከዚያ ከቀጠነ ጉብ ያለ ቅርጽ አይወጣውም።

17. ዲስኩ ሲደነዝዝ ሳሉት። ደህና ሲቆርጥ የነበረ ዲስክ ድንገት ከዘገየ አልማዙ አልቆ ላይሆን ይችላል። በዙሪያው ያለው ብረት ተለስልሶ አልማዙን ሸፍኖታል። በለስላሳ ጡብ ወይም በአሮጌ የመሳያ ድንጋይ ላይ በውሃ ጥቂት ጊዜ አሳልፉት። ብረቱን ይልጠዋል፣ አዲሱ አልማዝ ይወጣል። ደንዝዞ እያለ መግፋት ነው ዲስክ የሚገድለው።

18. ዝቃጩን በቧንቧ አትድፉ። ባልዲ ውስጥ ይርጋ። ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ አፍስሱ፣ ከታች ያለውን ጭቃ እርጥብ እንዳለ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ቧንቧ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል፤ ከደረቀም መልሶ ያው አቧራ ነው።

ክፍል አራት፦ ማለስለስና መወልወል

ማሽን ሳይኖራችሁም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ በእጅ ማውጣት ይቻላል። ክንድ ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም።

19. ገጹን አስተካክሉ። መስታወቱ ላይ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል 80 ቁጥር ዱቄት በትኑና ጥቂት ውሃ ጨምሩ። የተቆረጠው ገጽ ላይ በእርሳስ መረብ አስምሩበት። ድንጋዩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሹት፣ በየመሃሉም እያዞራችሁ ያዙት። አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዳችሁ አንዱ ጎን ይበልጥ ይበላል። የእርሳሱ መስመር ከሁሉም ቦታ ሲጠፋ ገጹ ተስተካከለ። ጠርዙን ዙሪያውን ትንሽ ገደድ አድርጋችሁ አሹት፤ ሹል ጠርዝ እየተላጠ ገጹን ይጭረዋል።

20. ወደሚቀጥለው ቁጥር ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም እጠቡ። ድንጋዩን፣ መስታወቱን፣ ጥፍራችሁን፣ የእጅጌያችሁን ጫፍ። አንዲት 80 ቁጥር ቅንጣት 600 ላይ ብትገባ የሁለት ሰዓት ሥራ ገደል ገባ። ከተቻለ ለየቁጥሩ የተለየ መስታወት ይኑራችሁ። 220፣ 400፣ 600፣ 1000 እያላችሁ ሂዱ። መቼ ልቀይር ለሚለው፦ ድንጋዩን አድርቁት፣ ከመብራት ሥር አጋድሉት፣ በአጉሊ መነጽር እዩት። ካለፈው ቁጥር የቀረ አንድ ጥልቅ ጭረት ካለ አልጨረሳችሁም። እርጥብ ድንጋይ ላይ አትፍረዱ፤ ውሃ ጭረቱን ሞልቶ የተወለወለ ያስመስለዋል።

21. ወልውሉ። ሴሪየም ኦክሳይድን በውሃ ቀጭን ወተት እስኪመስል በጥብጡት። ቆዳውን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አጣብቁና ቀቡት። ድንጋዩን ጫን እያላችሁ አሹት። ቆዳው ደረቅ ወደማለት ሲቃረብ ድንጋዩን ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ወዙ የሚወጣው ያኔ ነው። ድንጋዩ ከሞቀ ግን ውሃ ጨምሩ፣ ሙቀት ይሰነጥቀዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ሁለት ዓይነት ድንጋይ አንድ ላይ ማሸት።* ማንከባለያ በርሜል (ድንጋይ እያሽከረከረ የሚያለሰልስ ማሽን) የገዙ ሰዎች አጌት፣ ካልሳይትና ኦብሲዲያን ባንድ ይጨምራሉ። ከሳምንት በኋላ አጌቱ ብቻ በደህና ይገኛል፣ ካልሳይቱ ጭቃ ሆኗል። የሚመሳሰል ጥንካሬ ያላቸውን ብቻ አንድ ላይ አድርጉ።

*ቁጥር መዝለል።* ከ80 ወደ 600። 600 የ80ን ጭረት ለማጥፋት ቀናት ይፈጅበታል፤ 220 ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ጊዜ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል እንጂ የከሰራችሁት እናንተ ናችሁ።

*ኦፓልን እንደ አጌት መያዝ።* ኦፓል በውስጡ ውሃ አለው። ቶሎ ሲሞቅ ወይም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጥግግት ፈተናው 2.1 የወጣላችሁን ድንጋይ ለብቻው አስቀምጡ፣ በአጌት እጃችሁ እስኪፍታታ አትንኩት።

*ሳይመረምሩ «ባዶ ነው» ብሎ መጣል።* ከላይ ግራጫና አስቀያሚ የሆነ ድንጋይ ሲቀርብላችሁ ባትሪውን ሳታበሩበት፣ ሳትመዝኑት አትወርውሩት። ያቺ ሳሙና የመሰለች አጌቴ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥታ ነበር። በኋላ ዘጠና ዲግሪ አዙሬ ግማሿን እንደገና ቆረጥኳት። አሥራ አራት ቀይ መስመር ቆጠርኩ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል የኳርትዝ ጉድጓድ ነበረች።